ምጥና ምጥ አንድ ነው

፩

— አምቡላንሱ የታለ?

— ወጥቷል ወንድሜ። ትንሽ ታገሥ።

— «ወጥቷል» ካላችሁኝ ከሰዓት በላይ ሆነ እኮ! ስንት ጊዜ ነው የምደውለው?

— ገብቶኛል። እንዲያውም ደርሶ እናትየዋን ጭኗታል፤ ወደ ሆስፒታል እየተመለሰ ነው።

— ማንን ነው የጫነው?

— ባለቤትህን።

— ባለቤቴ እዚህ ፊቴ ተኝታለች።

— ሰንበሌጥ አምባ አይደለህም እንዴ?

— ሐረግ ሜዳ! ሦስቴ ተናገርኩ፣ ሐረግ ሜዳ ነኝ!

(ከዚህ በኋላ በጥሪው የድምፅ ቅጂ ላይ አሥራ አንድ ሰከንድ ዝምታ አለ።)


፪

እስቲ እነዚያን አሥራ አንድ ሰከንዶች እንክፈታቸው።

ስልኩን የያዙት እትዬ ድንቅነሽ ናቸው። በዞኑ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስልክ ሲያነሱ ኖረዋል። ደዋዩ አፉን ሳይከፍት በአተነፋፈሱ ብቻ የነገሩን ክብደት ይለያሉ ይባልላቸዋል። ከጎናቸው ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ረድኤት ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ማዕከሉ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሥራ ያስጀመረውን የጥሪ መመዝገቢያ ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። የዚያን ለት የመጣችው ለተራ ጉዳይ ነበር፤ የወሩ ሪፖርት ሲታተም አማርኛው ሁሉ ባዶ ሣጥን ሣጥን እየሆነ ይወጣል ብለው ጠርተዋት።

ጥር ሃያ ስምንት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ።

እትዬ ድንቅነሽ ወደ ረድኤት ዞሩ። አልተቆጡም። ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው ስክሪኑን በጣታቸው አሳዩዋት። አረንጓዴ ጽሑፍ ነው፦

ይህ ጥሪ ቀድሞ ተመዝግቧል። አምቡላንስ ወጥቷል።

ረድኤት አነበበችው። ምክንያቱን ለማወቅ ኮዱን መክፈት አላስፈለጋትም፤ የትኛው መስመር እንደሆነ በቃሏ ታውቀዋለች።


፫

ፕሮግራም ጽፈው ለማያውቁ አንባቢ።

ፖስታ ያስቡ። በፖስታው ጀርባ ላይ የጥሪው ዓይነት ተጽፏል፦ አደጋ፣ ወይም ምጥ፣ ወይም ድንገተኛ ሕመም። ከእነዚህ አንዱን እንጂ ሁለቱን ሊሆን አይችልም። በፖስታው ውስጥ ደግሞ ወረቀት አለ፤ ቦታው፣ የሰውዬው ስም፣ ስልክ ቁጥሩ። ፕሮግራመሮች ይህን ፖስታ ከነወረቀቱ «ኢነም» ይሉታል።

አሁን ሁለት ፖስታ እጅዎ ገባ። ሁለቱም ላይ «ምጥ» ይላል። አንድ ሰው ጨንቆት ደጋግሞ ደውሎ ነው? ወይስ ሁለት እናቶች ናቸው?

ለመመለስ ፖስታውን መክፈት አለብዎ።

ረድኤት አልከፈተችውም።


፬

ሰነፍ ሆና አይደለም። እንዲህ ነው የሆነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሚኒባስ ከድልድይ ወደቀና በሩብ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት ሰው ደወለ። ማዕከሉ ያሉት ሁለት አምቡላንሶች ናቸው፤ ሁለቱም እዚያው ድልድይ ሥር ተገናኙ። በዚያው ሰዓት በሌላው አቅጣጫ አንድ አስተማሪ ልቡን ይዞ ወድቆ አምቡላንስ ሲጠብቅ ሞተ። ተደጋጋሚ ጥሪዎችን አንድ ላይ የሚያጣብቅ ፕሮግራም ያስፈልጋል ተባለ፤ ሥራው ለረድኤት ተሰጠ።

የአደጋውን ቶሎ ጨረሰችው። አደጋ የሚደርሰው በዋናው መንገድ ላይ ነው፤ የቦታዎቹ ስም ከሠላሳ አይበልጥም። ምጥ ግን በየጎጡ ነው። የጎጡ ስም ደግሞ እንደ ጸሐፊው እጅ ነው። አንዱ «ሐረግ ሜዳ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሀረግ ሜዳ»፣ ቄስ ትምህርት ቤት የቆየው «ኀረግ ሜዳ»። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያየ አገር ናቸው። ስትሞክረው ለአንዲት ወላድ ሁለት አምቡላንስ ላከላት። የጎጦቹን ስም አንድ በአንድ አስተካክሎ መመዝገብ የወር ሥራ ነበር። ምርቃቱ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ድንኳን ተተክሏል፣ ሪባን ተገዝቷል።

ስለዚህ እንዲህ ጻፈች። ወደ አማርኛ ስመልሰው፦

    (አደጋ(ሀ)፣ አደጋ(ለ)) ከሆኑ፦ ሀ እና ለ አንድ ቦታ ከሆነ ብቻ፣ አንድ ናቸው
    (ምጥ(_)፣ ምጥ(_)) ከሆኑ፦ አንድ ናቸው     // ለጊዜው። እመለስበታለሁ።
    ሌላው ሁሉ፦ ይለያያሉ

ሁለተኛው መስመር ላይ ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ልብ ይበሉ። በኮዱ ቋንቋ «ውስጡ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ አያገባኝም» ማለት ናት። አንዲት ወላድ ተጭና ሆስፒታል እስክትገባና ጥሪዋ እስኪዘጋ ድረስ፣ በዞኑ ውስጥ ምጥ ብሎ የሚደውል ሁሉ የእሷ ባል ነው።

ለጊዜው።

በሙከራው ቀን የደወለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሠራ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ ረድኤት ሌላ ሥራ ተሰጣት።


፭

— ከድር! የት ደረስህ?

— ሁለተኛውን ድልድይ እየተሻገርኩ ነው እትዬ። ምነው?

— ሐረግ ሜዳ ሌላ ወላድ አለች። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ስትጠብቅህ ነው።

— እኔን? ማን ነገረኝ?

— ማንም።

ሾፌሩ ከድር ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላው የሰንበሌጥ አምባዋ ሴት ስታቃስት ይሰማል።

— እሺ ይቺን ምን ላድርጋት? መንገድ ላይ ላውርዳት?

— ምን ቆርጦህ! አድርሰሃት እግርህ መሬት ሳይነካ ተመለስ።

ሁለተኛው አምቡላንስ ካምቢዮው ወርዶ ጋራዥ ቆሟል። ሐረግ ሜዳ ከሆስፒታሉ በሌላኛው ወገን፣ ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነው። ረድኤት ሒሳቡን በልቧ ሠራችው፤ ከድር አድርሶ፣ አራግፎ፣ ሐረግ ሜዳ እስኪወጣ ከሁለት ሰዓት አያንስም።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች።

እትዬ ድንቅነሽ አልሰሟትም። መሳቢያቸውን ስበው ጠርዙ የተጠቀለለ የስልክ ቁጥር ደብተር አወጡ። በምርቃቱ ማግሥት «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ተብለው ነበር፤ አልጣሉትም። ገጹን በምራቃቸው እያራሱ ገለጡና ደወሉ።

— ውበቱ፣ የት ነህ?

— ወንዝ ነኝ እትዬ። አሸዋ እየጫንኩ።

— ድፋው።

— ምኑን?

— አሸዋውን ነዋ! ደፍተህ ሐረግ ሜዳ ውጣ። ሴት እየሞተችብኝ ነው።

— የሲኖው ባለቤት ይገለኛል እኮ...

— እሱን ለኔ ተወው። ውጣ ብያለሁ!

ከዚያ መልሰው ሐረግ ሜዳ ደወሉ። ሰውዬው ይመር ይባላል፤ ሚስቱ ሰዓዳ።

— ይመር፣ አሁን መኪና እየመጣልህ ነው። አምቡላንስ አይደለም፣ ሲኖ ነው። ጋቢናው ውስጥ ታስገባታለህ። ደም አላት?

— አላት።

— ብዙ ነው?

— ጨርቁ አልበቃ ብሎን ነጠላዋን ቀደድነው።

— በግራ ጎኗ አስተኛት። ብርድ ልብስ ደርብላት፤ አናግራት፣ እንዳትተኛብህ። ስልኩን አትዝጋው።

— ዝም ብላችሁ «ወጥቷል» ባትሉኝ ኖሮ በቃሬዛ ይዤያት ወጥቼ ነበር። አሁን አስፋልቱ ጋ በደረስኩ ነበር።

ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበርና ረድኤትም ሰማችው። አረንጓዴው ጽሑፍ አምቡላንስ አለመላኩ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ሌላ መላ እንዳይፈልግም አሥሮ አስቀምጦታል።


፮

«ልጄ።»

«አቤት።»

«ሌላስ አለ?»

«ምን ሌላ እትዬ?»

«ከዛሬ በፊት ነዋ። ይሄ አረንጓዴ ነገር ሲመጣብኝ ይመኑት አልሽኝ፣ አመንኩት። ስንቱን ነው «ወጥቷል» ብዬ ስልክ የዘጋሁበት?»


፯

ረድኤት ከመዝገቡ ውስጥ የተጣበቁ ጥሪዎችን ሁሉ ጠየቀች። ዓይነታቸው ምጥ የሆነ፣ ስልክ ቁጥራቸው የተለያየ፣ ቦታቸውም የተለያየ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሆኖ ትንሽ ቆየች። ዜሮ እንዲል ለመነች። ማንን እንደለመነች አታውቅም።

ተጫነችው።

አሥራ አንድ።

የዛሬውን ጨምሮ ነው። ሁሉንም አልዘረዝራቸውም፤ የሰው ጓዳ ነው። እንዲህ እንዲህ ይላሉ፦

ጥር ፲፬። ምጥ። ተጣብቋል። ደዋይ አራት ጊዜ ደውሏል።

ጥር ፱። ምጥ። ተጣብቋል። ደዋይ ሁለት ጊዜ ደውሏል።

ጥር ፪። ምጥ። ተጣብቋል። ደዋይ ስድስት ጊዜ ደውሏል።

ታኅሣሥ ፲፱። ምጥ። ተጣብቋል። ደዋይ አቶ እንዳለው፣ እናት የሺመቤት። ደዋይ አንድ ጊዜ ደውሏል።

ረድኤት የመጨረሻው ላይ ዓይኗ ቀረ። አራት ጊዜ የደወለ ሰው ተሳድቦ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ቃሬዛ ያበጀ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የደወለ ሰው የተነገረውን አምኖ የተቀመጠ ሰው ነው።


፰

ከድር የሰንበሌጥ አምባዋን ሴት በአምስት ሰዓት ከአሥር ሆስፒታል በር ላይ አወረደና መኪናውን ሳያጠፋ ዞረ። ውበቱ ሲኖውን በኮረኮንቹ ላይ ሲያስጋልበው አንድ ጎማ አፈንድቶ ነበር፤ ሳይቆም በቀረው ነዳው። ይመር ስልኩን አልዘጋም። በማዕከሉ ክፍል ውስጥ ለሃምሳ ደቂቃ ያህል የሞተሩ ጩኸትና የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፦ «ሰዓዳ፣ አየሽኝ? ሰዓዳ፣ እዪኝ። ሰዓዳ።»

ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ።

ረድኤት ተነሥታ ቆመች። እትዬ ድንቅነሽ ደጋግመው ደወሉ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው አይገኙም» አለች ሴትየዋ። እንደገና ደወሉ። ያችው ሴትዮ። በመስኮቱ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ፣ የሚሳሳቁ ተማሪዎች፣ ተራ ቀን።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ከድር ደወለ።

— አግኝቻቸዋለሁ። አሸዋው ማራገፊያ ጋ ተገናኘን። ከሲኖ ወደ አምቡላንስ አዛውረናታል። ግሉኮስ ተሰክቶላታል።

— ልጁስ?

— አልወጣም ገና። አብራኝ ያለችው ነርስ ልቡ ይሰማል ትላለች። ልሂድ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓዳ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት፤ አንዱን የለገሰው ውበቱ ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ አላለቀሰችም። ኦክስጅን አደረጉላት፣ ጀርባዋን አሹት፣ ገለበጧት። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም፣ ብቻ አለቀሰች።

ሁለቱም ተረፉ።

በማዕከሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። ተመስገን ተባለ። ረድኤትንም አቀፏት። በእጇ ላይ የታተመ ወረቀት ነበር፤ ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ስለወጣ ስሞቹን በእስክርቢቶ ጽፋበት ነበር። አሥር ስሞች።


፱

የችግር ሪፖርት ቅጽ

የችግሩ ዓይነት፦ ቴክኒክ
የተከሰተበት ቀን፦ ጥር ፳፰
ጉዳት የደረሰበት ሰው፦ የለም
የችግሩ ምክንያት፦

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ሦስተኛውን መስመር ራሳቸው ሞልተው ነው ወረቀቱን ወደ ረድኤት የገፉት።

«ምክንያቱን ኔትወርክ በዪው» አሏት። «ኔትወርክ ብለሽ ማንም አይከራከርሽም።»

«ኔትወርክ አይደለም እኮ ጋሼ። እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ማለት ምን ማለት ነው? አስተካክለሽዋል አይደል?»

አስተካክላዋለች። ምጥና ምጥ ሲመጡ ፖስታው እንዲከፈት አድርጋለች፤ ስልኩ አንድ ካልሆነ፣ ቦታውም ተጣርቶ አንድ ካልተባለ፣ ጥሪዎቹ ይለያያሉ። ቢጠራጠር ሁለት አምቡላንስ ይላክ። ሥራው አርባ ደቂቃ ነው የፈጀው። ይህ ነው ያንገበገባት፤ አርባ ደቂቃ።

«በሚቀጥለው ወር ሰባት ዞኖች ይህንኑ ፕሮግራም ሊወስዱት ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚህ ወረቀት ላይ ስምሽን ካስገባሽ ፕሮግራሙም ይቀራል፣ አንቺም ትቀሪያለሽ። ሴትየዋ ተርፋለች። ሕፃኗ ተርፋለች። ማንን ለማስደሰት ነው?»

ረድኤት ክፉ ሰው ናቸው ብላ አታስብም። አስተማሪው የሞተ ጊዜ ቀብር ሄደው ያለቀሱ ሰው ናቸው።

«ሌሎች አሥር አሉ» አለች።

«ምን አሥር?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽሩን አወለቁና ለረጅም ጊዜ በክራቫታቸው ጠረጉት።

«አታውቂም» አሉ በመጨረሻ። «ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። አሥሩም።»

«ለዚህ ነው የምደውለው።»

ሦስተኛውን መስመር ሰረዘችው። «ገና አልታወቀም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ፦ «ሁለት እናቶችን እንደ አንዲት የሚቆጥር መስመር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ፈረመች። ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰላት።


፲

«እኔ ልደውል» አሉ እትዬ ድንቅነሽ። «ድምፄን ያውቁታል።»

«ያውቁታል እኮ ነው ነገሩ» አለች ረድኤት።

ገባቸው። ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ሰው ሳቀ። ጎረቤት ተሸክሟት ሲሄዱ ከዋርካ ሥር ተገላገለች፤ ልጁን «መንገዱ» አልነው አለ። ሁለተኛው ስልክ ጠፍቷል፤ የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን አፈላልገው አገኙ፣ «ደህና ናት፣ ትናንት አስከትባ ሄደች» አለች። ሦስተኛዋ ሴት ራሷ አነሣች። የሆነውን ከሰማች በኋላ ረድኤት በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ስድብ ሰድባት ዘጋችው። ረድኤት ስድቡን ደስ እያላት ሰማችው፤ የሚሳደብ ሰው በሕይወት አለ።

አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ደህና። ደህና። ማህፀኗ ወጥቷል፣ እሷ ግን ደህና።

ሰባተኛው ሰው፣ ጥር ሁለት ስድስት ጊዜ የደወለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ልጁ እንኳ አልተረፈም» አለ።

ረድኤት የተዘጋጀችበት ንግግር ነበራት። ጠፋባት።

«የኛ ጥፋት ነው» አለች። «የፕሮግራሙ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእርስዎን ጥሪ ከሌላ ሰው ጋር...»

«የፈጣሪ ፈቃድ ነው እህቴ።»

«አይደለም፤ ይስሙኝ...»

«ነው» አለ ሰውዬው። ልመና ነበር። «ነው በይኝ።»

እትዬ ድንቅነሽ ስልኩን ከእጇ ተቀበሉና ወደ ኮሪደሩ ይዘውት ወጡ። ሲመለሱ ምን እንዳሉት አልነገሯትም፤ ቅጹን ስበው «ገና አልታወቀም» የሚለውን ሰረዙና ከሥሩ «አንድ ሕፃን» ብለው ጻፉ።

ስምንተኛዋ ደህና። ዘጠነኛዋ ደህና።


፲፩

አንድ ቀረ።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ። የገብርኤል ንግሥ ለት ነው። ጎጡ ሁሉ ታቦት ለማጀብ ወጥቶ፣ መኪናውም ሰዉም አንድ ቦታ ተከማችቶ የዋለበት ቀን። እንዳለው የሚባል ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለየሺመቤት አምቡላንስ ሊጠራ ደወለ፤ «ወጥቷል» ተባለ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋ። ቅጂውን ረድኤት ሰምታዋለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል ድምፁ ቀለል ብሎት ነበር።

ደወለች። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነው። ጠራ። ጠራ። ማንም ላያነሣ ነው ብላ ስታስብ፣ በዚህም ትንሽ እፎይ ስትል፣ ተነሣ።

መጀመሪያ የሰማችው ጫጫታ ነው። ብዙ ሰው። የሳህን ኳኳታ፣ ወንበር ሲጎተት፣ «እዚህ ጋ ጠላ!» የሚል። ከሁሉ በላይ የቄስ ድምፅ፣ በግዕዝ፣ ቡራኬ ይሁን ሌላ አልለየችውም።

ረድኤት ጣቷን ሳታስበው ጠረጴዛው ላይ ቆጠረች። ከታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ እስከ ሠላሳ፣ አሥራ ሁለት። ከጥር አንድ እስከ ዛሬ፣ ሃያ ስምንት።

አርባ።

እትዬ ድንቅነሽም ቆጥረው ነበር። በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

በአርባኛው ቀን ቄስ ተጠርቶ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ጎረቤት የሚሰበሰበው በሁለት ምክንያት ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና ተነሥቶ ነው። ወይም ተዝካር ነው። ከደጅ ለሚሰማው ጫጫታው አንድ ነው።

— ሃሎ?

የሴት ድምፅ ነው። ወጣት ናት። ደክሟታል፤ ከማልቀስ ይሁን ከመስተንግዶ አይታወቅም።

— ሃሎ... የአቶ እንዳለው ስልክ ነው?

— አዎ፣ የሱ ነው። እንግዳ እያስተናገደ ነው። ማን ልበል?

ቄሱ ጨረሱ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ።

— ሃሎ? ይሰማል? ማን ልበል?

—